ዳቪድ ሂልበርትና ስድስተኛው ጥያቄ

በሂሳብ መጽሐፎቻችን ስማቸው የሚነሣው ሊቃውንት አብዛኞቹ እጅግ የቆዩ ናቸው። ፒታጎራስና ኤውክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት የኖሩ ሲሆኑ፥ ኒውተንም ከሞተ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ከዚህ የተነሣ ብዙ ተማሪ ሂሳብ ማለት ጥንት ተሠርቶ ያለቀ፥ ለእኛም መሸምደዱ ብቻ የቀረልን ነገር ይመስለዋል። ዛሬ ታሪኩን የምጽፍላችሁ ሰው ግን ብዙ ነገር የፈታ ቢሆንም፥ ሳይፈታ ለሌሎች ባስተላለፋቸው ጥያቄዎች ስሙ ይበልጥ ታውቋል። ከጥያቄዎቹም ስድስተኛው የፊዚክስን ትምህርት የሚነካ ስለሆነ፥ የሁለቱም ትምህርቶች ወዳጅ የሆነ ሁሉ ቢያውቀው መልካም ነው ብዬ አሰብሁ። ሂሳብ የማይወዱ ወላጆችም ታሪኩ የወዳጅነትና የስደት ታሪክ ጭምር ነውና አይሰለቹትም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳቪድ ሂልበርት በጃንዋሪ 23 ቀን 1862 በምሥራቅ ፕሩስያ በኬኒግስበርግ ከተማ አካባቢ ተወለደ። ይህች ከተማ የፈላስፋው የካንት አገር ነበረች። በሂሳብ ታሪክም ሰባቱ ድልድዮችዋ የታወቁ ናቸው፤ ኦይለር የተባለው ሊቅ እያንዳንዱን ድልድይ አንድ ጊዜ ብቻ ተሻግሮ ከተማዋን መዞር የማይቻል መሆኑን አስረድቷልና። የልጁ አባት ኦቶ ዳኛ ነበር። እናቱ ማርያ ፍልስፍናንና የከዋክብትን ትምህርት የምትወድ፥ ከራሳቸውና ከአንድ በቀር ሌላ አካፋይ ስለሌላቸው ቁጥሮች ማሰብ የሚያስደስታት ሴት ነበረች።

ልጁ በመጀመሪያ የተላከበት ትምህርት ቤት የላቲንንና የግሪክን ሰዋስው በቃል ማጥናትን ከሁሉ አስበልጦ የሚይዝ ነበር። ሂልበርት ደግሞ የሰማውን ቶሎ በቃሉ መያዝ አይሆንለትም፤ አንድ ነገር የሚገባው ራሱ ከሥሩ ጀምሮ ሲሠራው ብቻ ነበር። በመጨረሻው ዓመት ሂሳብ በሰፊው ወደሚሰጥበት ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወረና በዚያ ውጤቱ እጅግ መልካም ሆነ። ከክፍል ጓደኞቻችን መካከል በቃል ማጥናት የማይሆንላቸው ይህን ሲያነቡ ደስ እንደሚላቸው አውቃለሁ፤ መምህሮቻችን ግን ምክንያት አድርገን እንዳንይዘው ያስጠነቅቁናል።

በ1880 ወደ ኬኒግስበርግ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በዚያም ሄርማን ሚንኮቭስኪ ከተባለ፥ በዕድሜ በሁለት ዓመት ከሚያንሰው ወጣት ጋር ተዋወቀ። ሚንኮቭስኪ ቤተሰቦቹ ከሩስያ ግዛት የመጡ ይሁዳዊ ነበር። በ1883፥ ገና በ18 ዓመቱ፥ የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ላቀረበው ከባድ ጥያቄ መልስ ጽፎ ከታላቁ ሽልማት ተካፋይ ሆነ። የሂልበርት አባት ልጁ እንዲህ ያለውን ዝነኛ ሰው ለመወዳጀት መድፈሩን እንዳልወደደለት ይነገራል። ሁለቱ ግን ወዳጅነታቸው ጸና። በ1884 አዶልፍ ሁርዊትዝ የተባለ ወጣት መምህር ወደ ከተማዋ ሲመጣ ሦስተኛ ሆነላቸው። በየቀኑ ልክ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን ሦስቱ ተገናኝተው ወደ አንድ የፖም ዛፍ በእግራቸው እየሄዱ ስለ ሂሳብ ይነጋገሩ ነበር። ሂልበርት የዘመኑን ሂሳብ አብዛኛውን የተማረው በአዳራሽ ከሰማው ትምህርት ይልቅ በዚህ መንገድ ላይ ሲመላለስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1885 የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ። ስሙ በሰፊው የተሰማው ግን በ1888 ነው። በዚያ ዘመን ፓውል ጎርዳን የተባለ ሊቅ በአንድ የአልጀብራ ጥያቄ ላይ ለሃያ ዓመት ያህል ረጃጅም ስሌት ሲሠራ ኖሮ፥ ከፊሉን ብቻ ፈትቶት ነበር። ጥያቄው ቁጥር ስፍር የሌላቸው አንዳንድ የአልጀብራ አገላለጾች ሁሉ ከጥቂት መሠረታዊ አገላለጾች ይገኙ እንደሆነ የሚመረምር ነው። ሂልበርት መሠረታዊዎቹ የግድ መኖር እንዳለባቸው አስረዳ፤ ነገር ግን አንዱንም አውጥቶ አልጻፈም። ጎርዳን ይህ የሃይማኖት ትምህርት እንጂ ሂሳብ አይደለም ብሎ አጉረመረመ ይባላል፤ በኋላ ግን ጥቅሙን አምኖ ተቀበለ። በ1892 ሂልበርት ኬቴ ዬሮሽን አገባ። በ1895 ፌሊክስ ክላይን የተባለው ታላቅ መምህር ወደ ጌቲንገን ዩኒቨርሲቲ ጠራውና፥ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ በዚያች ትንሽ ከተማ ኖረ።

በ1899 ስለ ጂኦሜትሪ መሠረት አንድ መጽሐፍ አሳተመ። እኛ በጂኦሜትሪ ክፍል ያለ ማስረጃ ተቀብለን የምንነሣባቸው ጥቂት ቃሎች አሉ፤ እነርሱም አክሲዮም ይባላሉ። ኤውክሊድ አክሲዮሞቹን ጽፎ ሲያበቃ፥ ሥዕሉን እያየ ሳያስበው ሌሎች ያልተጻፉ ሐሳቦችን ይጨምር ነበር። ሂልበርት የተደበቁትን ሁሉ አውጥቶ ጻፋቸው። ከዚያም ሦስት ነገር ጠየቀ፤ እርስ በርሳቸው አይጋጩምን? አንዱ ከሌላው የማይገኝ ነውን? ለሥራውስ ይበቃሉን? ነጥብ፥ መስመርና ገጽ በምንልበት ቦታ ሁሉ ጠረጴዛ፥ ወንበርና የቢራ ብርጭቆ ብንልም ማስረጃው መቆም አለበት ይል እንደነበር ይተረካል። ነጥብ ምን እንደሆነ ማወቅ አያስፈልግም፤ ነጥቦች ከመስመሮች ጋር ያላቸው ግንኙነት በትክክል ከተነገረ ይበቃል ማለቱ ነው።

በኦገስት 8 ቀን 1900 የዓለም የሂሳብ ሊቃውንት በፓሪስ ሲሰበሰቡ ሂልበርት ንግግር አደረገ። ዕድሜው 38 ዓመት ነበር። በመጪው መቶ ዓመት ሊፈቱ ይገባቸዋል ያላቸውን 23 ጥያቄዎች አዘጋጅቶ፥ በጉባኤው ላይ አሥሩን አሰማ፤ ሁሉም በኋላ ታተሙ። ስድስተኛው ጥያቄ ለጂኦሜትሪ የተደረገው ሁሉ ለፊዚክስም ይደረግ የሚል ነው። ሂሳብ ትልቅ ድርሻ ያላቸው የፊዚክስ ክፍሎች፥ በመጀመሪያም የዕድል ስሌትና የእንቅስቃሴ ትምህርት፥ ከጥቂት ግልጽ አክሲዮሞች ተነሥተው እንዲቆሙ ፈለገ። ይህ ለሰሚው እንግዳ ነገር ነበር። የፊዚክስ ሰው ስሌቱ ከሙከራው ጋር ከተስማማ ደስ ይለዋል፤ ስሌቱ በምን መብት እንደቆመ አይጨነቅበትም። ሂልበርት ግን መሠረቱ ያልታየ ቤት ውስጥ ማደር የማይወድ ሰው ነበር።

ከ1904 እስከ 1910 ድረስ እርሱ ራሱ የሠራው ሥራ ለዚህ ጥያቄ ዋና መሣሪያ ሆነ፤ እርሱ ግን ያንጊዜ ይህን አላወቀም። እኛ የምናውቀው ቀስት፥ ማለት ቬክተር፥ በሁለት ወይም በሦስት ቁጥሮች ይገለጻል። ሂልበርት ማለቂያ በሌላቸው ቁጥሮች የሚገለጹ ቀስቶችን አጠና፤ የቁጥሮቹ ካሬ ሲደመር ድምሩ የተወሰነ እንዲሆን ብቻ ግድ አደረገ። እንዲህ ከሆነ የፒታጎራስ ደንብ በዚያም ይሠራል፤ ርዝመትም፥ ቀጥ ያለ ማዕዘንም ትርጉም ያገኛሉ። እነዚህን ቀስቶች የሚያዞሩና የሚለጥጡ ሥራዎች በዛሬው ቋንቋ ኦፐሬተሮች ይባላሉ። ሂልበርት ከእያንዳንዱ እንዲህ ካለ ሥራ ጋር የሚሄዱትን ልዩ ቁጥሮች ስፔክትረም ብሎ ሰየማቸው። ስሙን ሲያወጣ የብርሃን ስፔክትረም ከሂሳቡ ጋር ዝምድና አለው ብሎ አይደለም። ሃያ ዓመት ሳይሞላ ግን የአቶሞች ብርሃን የሚያሳያቸው መስመሮች ከዚሁ ስፔክትረም የሚሰሉ ሆነው ተገኙ።

ሚንኮቭስኪ በ1902 ወደ ጌቲንገን መጣና ሁለቱ ወዳጆች እንደ ወጣትነታቸው ጊዜ እንደገና አብረው ይመላለሱ ጀመር። በ1908 ሚንኮቭስኪ የአይንሽታይንን ትምህርት በአዲስ መልክ አቀረበው። ቦታንና ጊዜን ለየብቻ ከመያዝ ይልቅ፥ የትና መቼ የሚሉት ሁለቱም በአራት ቁጥሮች ተጽፈው በአንድ ሕዋ ውስጥ እንዲታሰቡ አደረገ። ከአንድ ድርጊት ወደ ሌላው ብርሃን እንኳ በጊዜ ሊደርስ ካልቻለ፥ አንዱ ለሌላው ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ ይህም በሚንኮቭስኪ ሕዋ ውስጥ እንደ ጂኦሜትሪ ሥዕል ሆኖ ይታያል። ይህን ከተናገረ ጥቂት ወራት በኋላ፥ በጃንዋሪ 12 ቀን 1909፥ በትርፍ አንጀት በሽታ ሞተ። ዕድሜው 44 ነበር። ሂልበርት የወዳጁን ሞት በክፍል ሲናገር ማልቀሱን ተማሪዎቹ ኋላ ተርከዋል።

በ1914 ጦርነት ሲነሣ 93 የታወቁ ጀርመናውያን ሊቃውንትና አርቲስቶች የመንግሥታቸውን ሥራ ሁሉ ደግፈው መግለጫ ሲፈርሙ ሂልበርት አልፈርምም አለ። በ1917 ዳርቡ የተባለው ፈረንሳዊ የሂሳብ ሊቅ ሲሞትም፥ ጦርነቱ ሳያልቅ የጠላት አገር ሰው የነበረውን የሟቹን ሥራ የሚያመሰግን ጽሑፍ አወጣ። በ1915 ደግሞ ኤሚ ኔተር የተባለችውን የሂሳብ ምሁር ወደ ጌቲንገን ጋበዛት። አንዳንድ መምህራን ሴት በዩኒቨርሲቲ ማስተማር የለባትም ብለው ተቃወሙ። ሂልበርት የዩኒቨርሲቲ ጉባኤ የመታጠቢያ ቤት ባለመሆኑ ወንድና ሴት መለየት እንደማያስፈልገው ተከራከረ ይባላል፤ ነገር ግን አልሰሙትም። ስለዚህ ትምህርቱ በእርሱ ስም እየታወጀ እርስዋ ታስተምር ነበር። በ1918 ኔተር አንድ ትልቅ ሕግ አስረዳች፤ የፊዚክስ ሕግ ጊዜ ቢያልፍም የማይለወጥ ከሆነ ኤነርጂ አይጠፋም፤ ከቦታ ወደ ቦታም የማይለወጥ ከሆነ የእንቅስቃሴ መጠን አይጠፋም። በስምዋ እንድታስተምር የተፈቀደላት በ1919 ነው።

አሁን ስድስተኛውን ጥያቄ ወደ አዲስ መንገድ ወደ ወሰደው ወደ 1925 እንምጣ። በዚያ ዓመት መጨረሻ ማክስ ቦርን፥ ቬርነር ሃይዘንበርግና ፓስኩዋል ዮርዳን የተባሉ የጌቲንገን የፊዚክስ ሰዎች ስለ አዲሱ የኳንተም ትምህርት አብረው አንድ ጽሑፍ ጻፉ። በጽሑፉ መጨረሻ ላይ ዮርዳን ሁለት ጫፉ የታሰረ አውታር ወስዶ መረመረ። የክራር አውታር ሲመታ የሚሰማው አንድ ድምፅ ብቻ አይደለም። ከዋናው ድምፅ ጋር ሁለት እጥፍ፥ ሦስት እጥፍ፥ አራት እጥፍ እያለ ወደ ላይ የሚወጣ ማለቂያ የሌለው የድምፅ ተርታ አለ። እያንዳንዱም ድምፅ ሌላውን ሳይነካ ለብቻው እንደ ፔንዱለም ይወዛወዛል። በአዲሱ ትምህርት መሠረት የአንድ ፔንዱለም ኤነርጂ እንደ ቤት ደረጃ በእኩል እርከን ነው የሚወጣው፤ በሁለት እርከን መካከል መቆም አይቻልም። በአንዱ ድምፅ ሦስት እርከን ከወጣን፥ ይህን ሦስት ቅንጣቶች አሉ ብለን ልናነበው እንችላለን። አይንሽታይን በ1909 ብርሃን አንድ ጊዜ እንደ ሞገድ፥ አንድ ጊዜ እንደ ቅንጣት የሚያሳየው ጠባይ በአንድ ስሌት ውስጥ ተደምሮ እንደሚገኝ አሳይቶ ነበር። የዮርዳን አውታር ሁለቱንም ከአንድ ምንጭ አወጣቸው። በ1927 ዲራክ የተባለው እንግሊዛዊ ለብርሃን ይህንኑ ሠራ፤ በ1932 ደግሞ ፎክ የተባለው ሩስያዊ የቅንጣቶቹ ቁጥር ስንትም ቢሆን የሚያስተናግድ የሂልበርት ሕዋ አሰናዳ። ዛሬ ነጻ መስክ የሚባለው ትምህርት በዚህ ዓይነት ተጀመረ።

ዮርዳን ያንን ሲጽፍ ሂልበርት በጠና ታሞ ነበር። በሽታው የደም ማነስ ዓይነት ሆኖ፥ በዚያ ጊዜ መድኃኒት ያልተገኘለት፥ ሰውን በጥቂት ዓመት የሚገድል ነበር። እንደ ዕድል ሆኖ በአሜሪካ ጆርጅ ማይኖት የተባለ ሐኪም ጉበት በመመገብ በሽታው እንደሚመለስ በ1926 አስታወቀ፤ ሂልበርትም በዚሁ ሕክምና ዳነ። ቦርንና ሃይዘንበርግ ስለ አዲሶቹ የቁጥር ሠንጠረዦች ምክር ሲጠይቁት፥ እንዲህ ያሉት ሠንጠረዦች ብዙ ጊዜ ከአንድ የሞገድ ስሌት ጋር አብረው እንደሚመጡ ነግሯቸው ነበር ይባላል። እነርሱም የሽማግሌ ወሬ ነው ብለው ተዉት። ሽሬዲንገር በ1926 ያንኑ ስሌት አግኝቶ ሲያሳትም ሂልበርት ሳቀባቸው ይላሉ።

በ1926 ዮሐን ፎን ኖይማን የተባለ የ22 ዓመት ሀንጋሪያዊ ወደ ጌቲንገን መጥቶ ከሂልበርት ጋር ሠራ። የኳንተም ትምህርት በሂልበርት ቀስቶች ላይ እንዴት እንደሚቆም አሳየና በ1932 በመጽሐፍ አወጣው። የሂልበርት ሕዋ የሚለውን ስም ያስለመደውም እርሱ ነው። ሂልበርት ራሱ አንድ ቀን ከጉባኤ በኋላ ይህ የሂልበርት ሕዋ የሚሉት ምን እንደሆነ ጠየቀ የሚል ቀልድ አለ።

በ1930፥ በ68 ዓመቱ፥ በጡረታ ተገለለ። የትውልድ ከተማው ኬኒግስበርግ የክብር ዜጋ አደረገችው፤ በሴፕቴምበር 8 ቀን ባደረገው ንግግርም ሰው ሊያውቀው የማይችል ነገር አለ የሚለውን አስተሳሰብ በጽኑ ተቃወመ። የሚያስገርመው ከዚያ አንድ ቀን ቀደም ብሎ፥ በዚያችው ከተማ፥ ኩርት ጌደል የተባለ የ24 ዓመት ወጣት በአንድ ስብሰባ ላይ ዝግ ባለ ድምፅ አዲስ ነገር ተናግሮ ነበር። ይኸውም የቁጥርን ትምህርት የሚያቅፉና እርስ በርሳቸው የማይጋጩ አክሲዮሞች ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢጻፉ፥ በእነርሱ ሊረጋገጥም ሊፈርስም የማይችል ቃል ይኖራል የሚል ነው። ሂልበርት ለሂሳብ ሁሉ የተመኘው ፍጹም መሠረት በዚህ ተናወጠ። ስድስተኛውን ጥያቄ ግን የጌደል ቃል አልዘጋውም። ለአንድ የፊዚክስ ክፍል ግልጽ አክሲዮም ማውጣት፥ በእርሱም የሚኖር አንድ ነገር አለ ብሎ ማሳየት፥ ከዚያ በኋላም ቢሆን የሚቻል ሥራ ነበር።

በኤፕሪል 7 ቀን 1933 የናዚ መንግሥት ይሁዳውያንን ከመንግሥት ሥራ የሚያስወጣ ሕግ አወጣ። ኤሚ ኔተር፥ ማክስ ቦርንና ሪቻርድ ኩራንት ከሥራቸው ታገዱ። ቦርን ወደ ብሪታንያ፥ ኔተርና ኩራንት ወደ አሜሪካ ተሰደዱ፤ ኔተር በ1935 በዚያው ሞተች። የኤድሙንድ ላንዳውን ትምህርት ተማሪዎቹ ራሳቸው በሩ ላይ ቆመው ከለከሉ። የሂልበርትን ወንበር የወረሰው ሄርማን ቫይል ሚስቱ ከይሁዳውያን ወገን ስለነበረች ወደ ፕሪንስተን ሄደ። ዮርዳን ግን በዚያው ዓመት የናዚ ፓርቲ አባል ሆነ። ስለ አውታሩ የሚናገረውን ጽሑፍ አብረው ከጻፉት ሰዎች አንዱ ሲሰደድ፥ ሌላው አሳዳጆቹን ተቀላቀለ። እንዲህ ያለውን ነገር የሂሳብ እውቀት ብቻውን እንደማይከለክለው ከዚህ እናያለን። በአንድ ግብዣ ላይ የናዚ የትምህርት ሚኒስትር፥ ይሁዳውያን ከሄዱ ወዲህ የጌቲንገን ሂሳብ ተጎድቶ እንደሆነ ሂልበርትን ቢጠይቀው፥ በዚያ ሂሳብ የሚባል ነገር ከነጭራሹ እንደሌለ መለሰለት ተብሎ ይተረካል።

ሂልበርት በፌብሩዋሪ 14 ቀን 1943 በ81 ዓመቱ ሞተ። በዓለም ላይ እርሱ ያስተማራቸው፥ እነርሱም ያስተማሯቸው ሰዎች ብዙ ነበሩ፤ ቀብሩን የሸኙት ግን አሥራ ሁለት እንኳ አይሞሉም። ከሩቅ መጥቶ የተናገረው የፊዚክስ ሊቁ አርኖልድ ዞመርፌልድ ነው። ኬኒግስበርግ በሚቀጥለው ዓመት በቦምብ ተቃጠለች፤ ከጦርነቱ በኋላም ለሶቪየት ኅብረት ተሰጥታ በ1946 ካሊኒንግራድ ተባለች።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ የፊዚክስ ሰዎች የኤሌክትሮንንና የብርሃንን ግንኙነት እየሰሉ ከሙከራ ጋር እስከ አሥር አኃዝ ድረስ የሚስማማ ውጤት ለማግኘት በቁ። ነገር ግን በስሌቱ መካከል ማለቂያ የሌላቸው ድምሮች ብቅ ይሉ ነበር። ምክንያቱን በአውታሩ ማየት ይቻላል። እያንዳንዱ ፔንዱለም በዝቅተኛው እርከኑ ላይ ሳለ እንኳ ትንሽ ኤነርጂ አለው፤ ፔንዱለሞቹ ማለቂያ ስለሌላቸው ይህ ትንሽ ሲደመር ወሰን ያጣል። የፊዚክስ ሰው ይህን ቀንሶ ይጥለዋል፤ መልሱም ትክክል ይወጣለታል። በምን መብት? የሂልበርት ስድስተኛ ጥያቄ በዚህ ስፍራ እንደገና ተነሣ።

ከ1950ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ አሜሪካዊው አርተር ዋይትማንና ስዊድናዊው ላርስ ጎርዲንግ አክሲዮሞችን አሰናዱ፤ ጽሑፋቸው በ1964 ታተመ። በዚያው ዓመት ሩዶልፍ ሃግና ዳንኤል ካስትለር በሌላ መልክ የራሳቸውን አወጡ። የዋይትማን አክሲዮሞች በቀላል አማርኛ እንዲህ ሊነገሩ ይችላሉ። ዓለም የምትገኝበት ማናቸውም ሁኔታ በሂልበርት ሕዋ ውስጥ ያለ አንድ ቀስት ነው። ድርጊቶች የሚፈጸሙት ግን በሚንኮቭስኪ ሕዋ ውስጥ ነው፤ እዚያ ብንዞር፥ ቦታ ብንቀይር፥ ሰዓታችንን ብናዘገይ ወይም በእኩል ፍጥነት በሚሄድ ባቡር ላይ ብንሳፈር የዕድሉ ስሌት አይለወጥም። ኤነርጂ ከዜሮ በታች አይወርድም፤ ምንም ቅንጣት የሌለበት አንድ ባዶ ሁኔታም አለ። ብርሃን ሊያገናኛቸው በማይችል ሁለት ስፍራዎች የሚደረጉ ልኬቶች አንዱ ሌላውን አያውክም። መስኩም በአንዲት ነጥብ ላይ አይለካም፤ ቦርና ሮዘንፌልድ በ1933 እንዳሳዩት ሊለካ የሚችለው በትንሽ ስፍራና በትንሽ ጊዜ ላይ የተወሰደው አማካይ ብቻ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገውን ሂሳብ ፈረንሳዊው ሎራን ሽዋርትዝ በ1940ዎቹ አሰናድቶ ነበር።

አክሲዮም ከተጻፈ በኋላ ሂልበርት የሚጠይቀው የታወቀ ነው፤ እነዚህን ሁሉ የሚፈጽም አንድ ነገር በእውነት አለን? አለ፤ እርሱም ነጻው መስክ ነው። ፔንዱለሞቹን ወስደን፥ በሚንኮቭስኪ ሕዋ ውስጥ አሰልፈን፥ ፎክ ባሰናዳው የሂልበርት ሕዋ ውስጥ ካኖርናቸው እያንዳንዱ አክሲዮም ያለ አንዳች ጥርጥር ይረጋገጣል። ያ የሚያስቸግረው ማለቂያ የሌለው ድምርም በመነሻው ላይ ይወገዳል፤ ኤነርጂን ከባዶው ሁኔታ ወደ ላይ መቁጠር ብቻ ይበቃልና። ወደ ፖሙ ዛፍ ይመላለሱ የነበሩት የሁለቱ ወዳጆች ስሞች እንዲህ በአንድ አረፍተ ነገር ውስጥ ተገናኙ።

ነገር ግን ነጻ የተባለበትን ምክንያት ማወቅ ያሻል። ሁለት የባትሪ ብርሃኖች በጨለማ ቢያቋርጡ አንዱ በሌላው ውስጥ አልፎ ይሄዳል እንጂ አይጋጭም። በነጻ መስክ ውስጥ ያሉ ቅንጣቶች ሁሉ እንዲህ ናቸው፤ አይገፋፉም፥ አይሳሳቡም፥ ምንም ነገር አይሆንም። እኛ ያለንበት ዓለም ግን ቅንጣቶች የሚነካኩበት ነው። ነጻውን መስክ ጥቂት ለውጠን ንክኪ ብንጨምርበትስ? በ1955 ሃግ ይህ በቀላሉ እንደማይሆን አስረዳ። ፔንዱለሞቹ የተቆጠሩ ቢሆኑ የሚኖሩበት ቤት፥ ፎን ኖይማን በ1931 እንዳሳየው፥ በመሠረቱ አንድ ዓይነት ብቻ ነው። ማለቂያ ሲያጡ ግን ቤቶቹ ብዙና የማይመሳሰሉ ይሆናሉ፤ የሚነካካ መስክም በነጻው መስክ ቤት ውስጥ ሊኖር አይችልም። ጊዜን ጨምሮ ሁለት ቁጥሮች ብቻ ባሉት ሕዋ ውስጥ የሚነካካ መስክ በ1960ዎቹ መጨረሻ በጄምስ ግሊምና በአርተር ጃፊ ተሠራ፤ ሦስት ቁጥሮች ባሉትም በ1970ዎቹ ተሠራ። በአራቱ፥ ማለት በሚንኮቭስኪ ሕዋ፥ እስካሁን የሠራ የለም። በ2021 ማይክል አይዘንማንና ሁጎ ዱሚኒል-ኮፓን ባሳተሙት ሥራ ከሚነካኩት ሁሉ ቀላሉ መስክ፥ በተለመደው መንገድ ነጥቦቹን እያቀራረቡ ሲሠሩት፥ ንክኪው ጠፍቶ ተመልሶ ነጻ መስክ እንደሚሆን አስረዱ።

በ2000፥ ሂልበርት ከተናገረ ልክ መቶ ዓመት ሲሞላ፥ ክሌይ የተባለው የአሜሪካ የሂሳብ ተቋም በዚያችው በፓሪስ ሰባት ጥያቄዎችን አስታወቀ፤ ለእያንዳንዱም አንድ ሚሊዮን ዶላር ሽልማት መደበለት። ከሰባቱ አንዱ፥ የአቶምን እምብርት የሚያያይዘውን ኃይል የመሰለ የሚነካካ መስክ በአራት ቁጥር ሕዋ ውስጥ በጽኑ አክሲዮም ላይ እንዲቆም የሚጠይቅ ነው። ከሰባቱ እስካሁን የተፈታው አንድ ሌላ ጥያቄ ብቻ ሲሆን፥ የፈታውም ሩስያዊ በ2010 ገንዘቡን አልቀበልም ብሏል። የመስኩ ጥያቄ ግን መልስ አላገኘም።